በሰይፍ ወይስ በብር? አባቶች ክርስትናን ስለተዉበት ምክንያት የሚባለውና ታሪኩ





በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ያደገ ሙስሊም ወጣት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አያድግም፦ «የእናንተ ዘር የሰለመው መቼ ነው?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። የክፍል ጓደኛ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የሱቅ ደንበኛ ነው። ግን መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ወይ «ግራኝ በሰይፍ አስገድዷችሁ ነው» ይላል፣ ወይ «አያትህን በብር ገዝተውት ነው» ይላል፣ ወይ ደግሞ «ሴት ወዶ ነው» ብሎ ይስቃል። ልጁም የሚመልሰው ስለሌለው አንገቱን ይደፋል፤ አልያም ከዩቲዩብ የሰማውን ክርክር ይዞ ይነሳና ጨዋታው ወደ ጠብ ይሄዳል።

የምዕራብ ጎጃም ሙስሊም ቁጥሩ ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከመቶ አንድ ገደማ ነበር፤ እሱም በአብዛኛው ያለው በከተሞች ነው። ጥቂት የሆነ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያወራለት ሌላ ሰው ነውና ታሪኩን ራሱ ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ይህችን ነገር እንመርምራት፦ በሀገራችን ታሪክ ሰዎች ክርስትናን የተዉት ለምንድን ነው? (ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የአውሮፓ ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ከሰይፉ እንጀምር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አፄ ልብነ ድንግልን ሽምብራ ኩሬ ላይ ያሸነፉት በ1521 ዓ.ም. ነው። ወይና ደጋ ላይ የተገደሉት በየካቲት 1535 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ብዙ ክርስቲያን ሰልሟል። ይህን የሚክድ ወንድም ካለ ፉቱሕ አል-ሐበሻን ያንብብ፤ ከኢማሙ ወገን የሆነው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ ሹማምንቱና ሕዝቡ እንዴት እየመጡ እንደሰለሙ ይተርካል። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል በሃይማኖቱ የጸናው ከአሥር አንድ እንኳ እንደማይሞላ ያለቅሳል። ቁጥሩን እንደ ቆጠራ አንወስደውም፤ የሐዘን ቁጥር ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ብዙ ሰው መስለሙን ይስማማሉ።

ጥያቄው ሌላ ነው። እነዚያ ከአሥሩ ዘጠኙ የት ሄዱ?

ተመለሱ። ኢማሙ በሞቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ከሃይማኖት ወጥቶ ለተመለሰ ሰው ካህናት የሚያደርሱት ጸሎት መጽሐፈ ቄድር ይባላል፤ ሊቃውንት የሚያያይዙት ከዚያ ዘመን ጋር ነው። የተመላሹ ብዛት ራሱን የቻለ ሥርዓት እስኪያስፈልገው ድረስ ነበር ማለት ነው። ጎጃምን ተመልከቱ። የኢማሙ ጦር ጎጃም ገብቷል፣ መርጡለ ማርያምም ተቃጥላለች። ሰይፍ ሃይማኖት የሚተክል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጎጃም ይህን አይመስልም ነበር። ሰይፉ ባለፈበት በዚህ ምድር አሁን ከመቶ አንድ ገደማ የሆነውን ሙስሊም «የግራኝ ትራፊ» ማለት ከታሪኩ ጋር አይሄድም።

ሰይፍ በተቃራኒው አቅጣጫም ተሞክሯል፤ ውጤቱም ያው ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። የክርስቲያኖቹ የሃይማኖት ክርክር ከተዘጋ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሙስሊሙ አዞሩ። ሹማምንቱ ወዲያው እንዲጠመቁ፣ ሌላው ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲከተል ታወጀ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ነበሩ። ከሹማምንቱ በታች ያለው ሕዝብስ? ያልተጠመቀው ወደ ሌላ አገር ተሰደደ፣ ወይም እንደ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ካሉ ዑለማዎች ጋር ሆኖ ተዋጋ። የተጠመቀውም ቢሆን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በዚያ ዘመን በአገሩ የነበረው የካቶሊኩ ጳጳስ ማስያስ አንዳንዶቹ ከጥምቀት ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ እየሄዱ ሼኾቹ ጥምቀቱን እንዲሽሩላቸው ያደርጉ እንደነበር ጽፏል።

አፄ ዮሐንስ በ1881 መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ግዴታውን አላሉት። ያኔ ብዙ ሰው በይፋ ወደ እስልምናው ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ እነዚህ ሰዎች «ክርስትናን የተዉ» ናቸው። በቤታቸው ግን ከሱብሒ ሶላት አንድ ቀን አልተለዩም። ከዚያ ዘመን «ካደ» ተብሎ ከሚነገርለት ሰው ስንቱ መጀመሪያውኑ አምኖ ያልገባ ነበር? ያልያዘውን ነገር ለቀቀ አይባልም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ይህኛው ወሬ ከሰይፉ ይልቅ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ከተማ ውስጥ ሱቅ ያለው ሙስሊም ስለሚበዛ ለማመን ይቀላል። ግን ሙስሊሙ ነጋዴ የሆነው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ጎንደር ውስጥ ዝቅ ብሎ እስላም ቤት የተባለው ሰፈር የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ሙስሊም ርስት አይኖረውም ነበር። ርስት የሌለው ሰው ሸማ ይሸምናል፣ ቆዳ ይፍቃል፣ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ አህያና በቅሎ ይነዳል። በጎንደርና በጎጃም «ነጋዴ» ማለት «ሙስሊም» ማለት እስኪመስል ድረስ ስሙ ተጣበቀበት።

እንግዲህ አንድ የጎጃም ባላገር ክርስትናን ቢተው የሚያጣውን ቁጠሩ። ርስቱ ይነካል። ከማኅበሩ ጽዋ ይወጣል። ሲሞት ከአባቶቹ ጋር በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። እህቱ ያረደችውን ዶሮ አይበላም፣ እሱም ያረደውን እሷ አትበላም፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ያ ማዕድ ለሁለት ይከፈላል። የሚያገኘው ደግሞ ምንድን ነው? ሹመት አይደለም። ሹመት፣ ጉልትና ርስት በሙሉ የነበሩት በሌላኛው በኩል ነው። በዚያ ሥርዓት ለጥቅም ሲባል ሃይማኖት የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ የሚለወጠው ወደ ክርስትና ነበር፤ ቦሩ ሜዳ ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው። በሴት ስለሚሳቀውም ቢሆን ይኸው ሒሳብ ይበቃል፤ ለትዳር ብሎ ይህን ሁሉ የሚከፍል ሰው ቢገኝ እንኳ አንድ ቤት ይሠራል እንጂ አንድ አገር አይለውጥም።

ለዚህ ትልቁ ምስክር ራሱ ጎጃም ነው። ከምጽዋ ተነስቶ በዐድዋና በጎንደር አድርጎ የሚመጣው የንግድ መንገድ በጎጃም መሐል ያልፍ ነበር። የጁቤ አጠገብ ያለው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ዋና ዋና ገበያዎች አንዱ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አይቶ ጽፎለታል። ነጋዴው ከባሶ ዐባይን ይሻገርና በጉዱሩ አሰንዳቦ አድርጎ እናርያ ይገባል። አሞሌውን፣ ማርትሬዛውን ብር፣ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱን የያዙት በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ብር የነበረው በእጃቸው ነው። ለብዙ ትውልድ በጎጃም ወጥተዋል፣ ወርደዋል። ጎጃም ግን አልሰለመም። ብር ሃይማኖት የሚገዛ ቢሆን ሻጭና ገዢ በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቦታ ባሶ ነበር።

ስለዚያ መንገድ ካነሳን አይቀር አንድ የሚያሳፍር ነገር አንደብቅ። በባሶ ባሪያም ይሸጥ ነበር። ክርስቲያኑ ጌታ ባሪያ ይዞ ይኖራል፤ ንግዱ ግን በሕግ ስለተከለከለበት ነጂዎቹና ሻጮቹ በአብዛኛው የእኛው ሰዎች ነበሩ። በዚያ መንገድ ተነድቶ በጌታው ቤት የሰለመ ልጅ ነበረ፤ እንዲህ ያለውን ሰው «እስልምናን መርጦ ነው» ልንል አንችልም። ሰዎች በሰይፍ አልሰለሙም ስንል ይህንንም ጨምረን መናገር አለብን፤ አለበለዚያ እኛም እንደዚያ ጠያቂ ጓደኛችን መልስ ይዘን የምንመጣ ሰዎች እንሆናለን።

የንጉሡ ልጅስ? ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከዙፋን የወረዱት «ሰልመዋል» ተብለው ነው። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላ ፈቱ፤ በጥቅምት ደግሞ ሰገሌ ላይ የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ። ከመካከላችን ብዙዎች ኢያሱን «የእኛ ንጉሥ» እያሉ ፎቷቸውን ሲለጥፉ እናያለን። በእኛ አስተያየት ይህ ትክክል አይደለም። ኢያሱ መስጊድ ገብተዋል፣ ከሐረርና ከአፋር ሙስሊሞች ጋር ተዛምደዋል፣ ሙስሊሙን እንደ ሰው ቆጥረዋል፤ ለዚህ እናመሰግናቸዋለን። ያ ጊዜ ግን የዓለም ጦርነት ነበር፤ ለቱርክና ለጀርመን ማዘንበላቸው እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን አስግቷል፣ የሸዋ መኳንንትም የራሳቸው ቂም ነበራቸው። «ሰለመ» የሚለው ቃል ሰውን ከዙፋን ለማውረድ ከሁሉም የሚቀለው ቃል ስለሆነ ተጠቀሙበት። አንድ ሰው ሰለመ ተባለ ማለት ሰለመ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ሰይፍም ብርም ካልሆነ፣ ክርስትናቸውን ትተው ያልተመለሱ ሕዝቦች እንዴት ተዉ? መልሱን የምናገኘው ካህን ከጠፋበት አገር ነው።

ወደ ጎረቤት ሱዳን እንሂድ። ኑቢያ ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስቲያን አገር ነበረች። ዶንጎላ ላይ የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ መሆኑን የሚናገረው የድንጋይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ1317 ነው። ያ ግን የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ነው፤ በገጠሩ ክርስትናው ከዚያ በኋላም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ እሱ እያለ ከኑቢያ መልእክተኞች እንደመጡ ጽፏል። የለመኑት ወርቅ ወይም ጦር አልነበረም። ካህናት ስጡን ነው ያሉት። ንጉሡ ግን «እኔም ራሴ ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፣ ከየት አምጥቼ ልስጣችሁ» የሚል መልስ ሰጥተው ሸኟቸው። አልቫሬስ ስለነዚህ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቲያንም፣ ሙስሊምም፣ አይሁድም እንዳልሆኑ፣ ክርስቲያን የመሆን ምኞት ብቻ እንደቀራቸው ይናገራል። አብያተ ክርስቲያናቱ ቆመዋል፤ ውስጣቸው የሚቀድስ የለም። ከዚያ ወዲያ የሱፍያ ሼኾችና የቁርኣን አስተማሪዎች ሲመጡ ልጁን የሚያስተምርለት፣ ሟቹን የሚቀብርለት፣ ጋብቻውን የሚያስርለት ሰው ለአገሬው ተገኘለት።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ቅርብ ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አገሪቱ ጳጳስ የሚላክላት ከግብፅ ነው። እሱ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። አቡነ ቄርሎስ ከሞቱ በኋላ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 እስኪገቡ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እንደ ጎጃም ባለ አገር ይህን ክፍተት የሚሞላ ነበረ፤ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ፣ ዲማ በመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ሊቁና ተማሪው በየደብሩ ሞልቷል። ፈረስ ቤት ዙሪያ ያለ ገበሬ በቤቱ ደጃፍ ቆሎ ተማሪ የማያይበት ክረምት አልነበረም። በጠረፍ ያለው ሕዝብ ግን ማን ነበረው?

በዛሬዋ ኤርትራ ሰሜን የሐባብ ሕዝብ አለ። ቤተ አስገዴ ከሚባሉት ከሦስቱ ወገኖች አንዱ ዐድ ተማርያም ይባላል። ስሙን ስሙት፤ የማርያም ስም በሙስሊም ነገድ ላይ። እነዚህ ሰዎች ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሰለሙ። ከደጋው ይወርድ የነበረው የክርስቲያን መሳፍንት ጦር ከብታቸውን ሲዘርፍ «ወንድሞቻችን ናቸው» አላላቸውም። ቤተ ክርስቲያንም አስተማሪ አላከችላቸውም። በዚያው ጊዜ ዐድ ሼኽ የተባለው የሼኽ አል-አሚን ቤተሰብ በመካከላቸው ይኖር ነበር። ይጸልይላቸዋል፣ ይዳኛቸዋል፣ ልጆቻቸውን ያስቀራል። ከሁሉም በላይ የተከተሉት ከባላባቱ በታች ተገዝተው የሚኖሩት ትግሬዎች ነበሩ፤ በጌቶቻቸው ፊት ያላገኙትን እኩልነት በሼኹ ደጃፍ አገኙ። ከባሕሩ በኩል ደግሞ የምጽዋ ገዢዎች ከለላ ነበር። እዚህ ውስጥ ፖለቲካ የለም አንልም። ነገር ግን ግብፆቹ ከሄዱ በኋላም ሕዝቡ አልተመለሰም። ከኢማም አሕመድ ዘመን የሚለየው ይህ ነው።

በወሎም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በጻፉት ጥናት ትልቁን ቦታ የሚሰጡት ለጦረኞች ሳይሆን ለአገር በቀል ዑለማዎችና ለመስጊድ ትምህርታቸው ነው። የጀማ ንጉሡ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ደረሳ ሰብስበው አቀሩ። ከዚያ መንዙማው አለ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ በአማርኛ የሚዜም መንዙማ ማታ ማታ በሐድራ ላይ ሲዘለቅ ያልተማረችው እናትም ትሰማዋለች፣ ገብቷት ታለቅሳለች። ከላይ የጠቀስናቸው ሼኽ ጦልሐ ሰይፍ ከመምዘዛቸው ይልቅ የሚታወሱት በመንዙማቸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ስህተት እንምጣ፤ እኛም ሰው ለምን ሃይማኖቱን እንደሚተው ስናወራ ከጠያቂዎቻችን አንሻልምና። ሼኽ ዘካርያስ የሚባሉ የበጌምድር ሰው ነበሩ። ሙስሊም ሆነው የተወለዱ፣ ቁርኣን የቀሩ ዓሊም። ከቁርኣን እየጠቀሱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ማስተማር ጀመሩ፣ ከዑለማዎች ጋር ተከራከሩ፣ ከምኒልክ የመስበክ ፈቃድ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1910 ደብረ ታቦር ላይ ተጠምቀው ንዋየ ክርስቶስ ተባሉ፤ ተከታዮቻቸው በሺዎች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 ሞቱ። ስለሳቸው በእኛ መንደር የሚወራው ምንድን ነው? «በመንግሥት ብር ተገዝቶ ነው።» «አብዶ ነው።» አያችሁ፣ ያው ቃል ነው። እኛ ላይ ሲባል የሚያመንን ነገር እኛም እንለዋለን። ዘካርያስ ተሳስተዋል ብለን እናምናለን፤ መልሳችንም በዒልም መሆን ነበረበት። ያን ጊዜ በሰሜን ያለው ሙስሊም ቁርኣንን በዜማ የሚቀራ እንጂ ትርጉሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ሰውየው የገቡት በዚያ ቀዳዳ ነው። ካህን ያጣችው ኑቢያና አስተማሪ ያጣው የበጌምድር መንደር ታሪካቸው አንድ ዓይነት ነው።

ሌላው ስህተታችን የዘመኑ ነው። አንድ ዲያቆን ሰለመ የተባለ ቪዲዮ ሲለቀቅ በመቶ ሺህ ሰው ይጋራዋል፤ «አገሩ ሁሉ እየሰለመ ነው» እንላለን። ክርስቲያኑ ጎረቤትም ያንኑ ቪዲዮ አይቶ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ጥላቻ ይወልዳል። ቆጠራውን እንይ። በ1987 ዓ.ም. ሙስሊሙ ከአገሪቱ ሕዝብ 32.8 በመቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. 33.9 በመቶ ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ከፍ ያለው አንድ ነጥብ ገደማ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የወሊድ ልዩነት ብቻ ሊበቃ ይችላል። በዚያው ጊዜ ኦርቶዶክሱ ከ50.6 ወደ 43.5 ወረደ፤ ፕሮቴስታንቱ ከ10.2 ወደ 18.6 ወጣ። የኦርቶዶክሱ ድርሻ የቀነሰውን ያህል የፕሮቴስታንቱ ጨምሯል፤ የእኛው እዚያው አካባቢ ነው ያለው። እኛ በቪዲዮው ስንኩራራ፣ ጎረቤታችንም በእኛ ሲሰጋ፣ ትልቁ ለውጥ የሆነው ሁለታችንም ባላየነው በር ነው።

ወላሁ አዕለም።